የአምራቾች ማኅበር ኮሚቴዎቹን የሚያደራጅበት መንገድ፦ ለባሕር ዳር አምራቾች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ለሚገኙ የአምራች ዘርፍ ማኅበራት አመራሮችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ነው። በአንድ ከተማ ያሉ የልብስ ስፌት፣ የቆዳ ውጤቶች፣ የእንጨትና ብረታ ብረት፣ የዱቄትና የምግብ፣ የፕላስቲክና የግንባታ ግብዓት አምራቾች በአንድ ማኅበር ሲሰባሰቡ ሁሉንም ጉዳይ በጠቅላላ ጉባኤ መጨረስ ስለማይቻል ኮሚቴ ማቋቋማቸው አይቀርም። ችግሩ ያለው አመሠራረቱ ላይ ነው። የምሥረታው ጉባኤ ሊያልቅ ሲል፣ ተሰብሳቢውም ወደ ሥራው ለመመለስ ሲቸኩል፣ ስምንት ዘጠኝ ኮሚቴ በአንድ ጊዜ ይሰየማል፤ በእያንዳንዱም ላይ እነዚያው ስድስት ሰባት ሰዎች ይጠቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ኮሚቴዎች አንድም ጊዜ ሳይሰበሰቡ ዓመቱ ያልቃል።

እዚህ የቀረበው አካሄድ የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው። ኮሚቴ ማለት የአባላትን ጥያቄ ተቀብሎ፣ አጣርቶና አስልቶ፣ ለታወቀ ተቀባይ የሚደርስ የተጻፈ ሥራ የሚያወጣ አካል ነው። የሚያወጣው ሥራ ለማን እንደሚደርስ ያልታወቀ ኮሚቴ ባይቋቋም ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ቢሠራባቸው ይመረጣል፤ ማኅበሩ ቀድሞ የተቋቋመ ከሆነ ግን ከሁለተኛው ደረጃ መጀመር ይችላል።

አንደኛ ደረጃ፦ ከኮሚቴው በላይ ያለውን ሥልጣን መለየት

ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘበት ሕግ በመጀመሪያ ይታወቅ። የንግድ ምክር ቤቶችና የዘርፍ ማኅበራት የሚቋቋሙት በአዋጅ ቁጥር 341/1995 ማዕቀፍ ሲሆን፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት የተመዘገቡት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይተዳደራሉ። የትኛውም ቢሆን የመጨረሻው ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ከጉባኤው በታች ቦርድ ወይም ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አለ፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ይሠራል። ኮሚቴዎች በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚገቡት ከቦርዱ ሥር ነው፤ ሥልጣናቸውም ቦርዱ ቆርሶ ከሰጣቸው አይበልጥም።

ከዚህ የሚለየው የቁጥጥር ወይም የኦዲት ኮሚቴ ነው። ይህ ኮሚቴ የሚመረጠው በጠቅላላ ጉባኤው፣ ሪፖርት የሚያቀርበውም ለጠቅላላ ጉባኤው መሆን አለበት፤ የቦርድ አባል፣ ገንዘብ ያዥ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ተቀጣሪ በውስጡ ሊኖር አይገባም። ብዙ ማኅበራት የቁጥጥር ኮሚቴውን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዝርዝር ጽፈው ሰብሳቢውን ቦርዱ እንዲሾመው ያደርጋሉ። እንዲህ ከሆነ ቦርዱን የሚቆጣጠረው ቦርዱ ራሱ የመረጠው ሰው ይሆናል ማለት ነው። የመተዳደሪያ ደንቡ ይህን በግልጽ ካላስቀመጠ ኮሚቴዎችን ከማደራጀት በፊት በጉባኤ ማሻሻል ይበጃል።

በደንቡ ላይ የኮሚቴዎችን ስም እየዘረዘሩ ማስፈር ግን አይመከርም። ስማቸው ደንብ ውስጥ ከገባ አንዱን ለማጠፍ ወይም ሌላ ለመጨመር በተፈለገ ቁጥር ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት፣ ምልዓተ ጉባኤ ማሟላትና የተሻሻለውን ደንብ ለመዝጋቢው አካል ማቅረብ ሊያስፈልግ ነው። «ቦርዱ ለሥራው የሚያስፈልጉ ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎችን በጽሑፍ ቢጋር ያቋቁማል፣ ያጥፋል፤ ዝርዝራቸውንም ለጠቅላላ ጉባኤው ያሳውቃል» የሚል አንድ አንቀጽ ይበቃል። ቢጋር ማለት የኮሚቴው ዓላማ፣ ሥራና የሥልጣን ወሰን የሚጻፍበት ሰነድ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ኮሚቴ ከመሰየም በፊት ጥያቄዎችን መሰብሰብ

ጽሕፈት ቤቱ ያለፈውን ዓመት ገቢና ወጪ ደብዳቤዎች፣ አባላት በስልክና በአካል ያቀረቧቸውን አቤቱታዎች፣ በስብሰባ ላይ የተነሡ ነጥቦችን በአንድ መዝገብ ያስፍር። በየመሥመሩ አራት ነገር ይጻፍ፦ ጥያቄው ምንድን ነው፣ ስንት አባላት አነሡት፣ መልስ የመስጠት ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ ማኅበሩ ለዚያ አካል ምን ማቅረብ ይጠበቅበታል። ሦስተኛው ዓምድ ወሳኙ ነው። ጥያቄዎቹ መደርደር ያለባቸው በተቀባያቸው ነው፤ በርዕሳቸው ብቻ ከተደረደሩ «የመሠረተ ልማት ኮሚቴ» የሚባል፣ ውኃንም መብራትንም መንገድንም ባንድነት የያዘ፣ ለማን እንደሚጽፍ የማያውቅ ስብስብ ይፈጠራል።

የኃይል መቆራረጥን እንውሰድ። አንድ የዱቄት ፋብሪካና አንድ የፕላስቲክ አምራች ሁለቱም «መብራት ይጠፋብናል» ይላሉ። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የባሕር ዳር ቢሮ ግን በዚህ ንግግር ምንም ሊሠራበት አይችልም፤ የትኛው መሥመር፣ የትኛው ትራንስፎርመር፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ የኃይል አቅርቦት ኮሚቴ የመጀመሪያ ሥራው እያንዳንዱ አባል ፋብሪካ በር ላይ የሚሰቀል አንድ ቅጽ ማዘጋጀት ነው። ፈረቃ ተቆጣጣሪው ቀኑን፣ ኃይሉ የተቋረጠበትን ሰዓት፣ የተመለሰበትን ሰዓት፣ የቆመውን ማሽንና የተበላሸውን ምርት ይሞላል። «ከጠዋቱ 4፡20 እስከ 7፡05፤ የፕላስቲክ መቅለጫ ማሽን፤ በማሽኑ ውስጥ የረጋ ጥሬ ዕቃ ተቆርጦ ተጣለ» የሚል አንድ መሥመር ከአሥር ደቂቃ እሮሮ የበለጠ ይሠራል። ከየፋብሪካው የተሰበሰበው ቅጽ በመሥመርና በትራንስፎርመር ተለይቶ በአንድ ሠንጠረዥ ሲቀርብ፣ ችግሩ የሁሉም መሆኑ ቀርቶ የሁለት ወይም የሦስት ቦታ መሆኑ ሊታይ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቢሮው ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው።

በባሕር ዳር ሁኔታ ራሱን ችሎ ሊቆም የሚገባው ሌላው ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ነው። ከተማዋ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ ወዲህም ከፋብሪካ የሚወጣ ማንኛውም ፍሳሽ የሕዝብ ዓይን ያርፍበታል። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተመሠረተበት ዘመን ጀምሮ ማቅለሚያና ማጠቢያ ውኃ፣ በኋላም የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ፣ የዚህ ከተማ አምራቾች ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ግዴታውን በእያንዳንዱ ድርጅት ላይ ስለሚጥል ማኅበሩ በአባሉ ፋንታ ኃላፊነት ሊወስድ አይችልም። የኮሚቴው ሥራ ግን ሰፊ ነው፦ ትናንሽ አምራቾች የፍሳሽ ናሙና በጋራ የሚያስመረምሩበትን መንገድ ማመቻቸት፣ የማጣሪያ ገንዳ ያላቸው አባላት ልምዳቸውን የሚያካፍሉበትን ጉብኝት ማዘጋጀት፣ ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ጋር በፍተሻ አካሄድ ላይ መነጋገር። ከሌሎች ከተሞች የተቀዱ መዋቅሮች ይህን ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ስለማይዙት፣ የኛ ሰዎች ከአዲስ አበባ ያመጡትን መዋቅር እንዳለ ሲገለብጡ ዋናው ጉዳያቸው ይቀራል።

የሰው ኃይልና ሥልጠናም እንዲሁ የታወቀ ተቀባይ አለው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሏት። ሥልጠና ኮሚቴው ለነዚህ ተቋማት «የተማረ ሰው አጣን» ብሎ ከሚሄድ ይልቅ ስንት ኦፕሬተር፣ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ወር እንደሚያስፈልግና የትኞቹ ፋብሪካዎች ስንት የትብብር ሠልጣኝ እንደሚቀበሉ ጽፎ ቢሄድ ተሰሚነት ያገኛል።

መዝገቡ ሲጠቃለል አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከሦስት እስከ አምስት ቋሚ ኮሚቴ ነው። ከአምስት ከበለጠ፣ የአባላቱ ቁጥር መቶ ቢደርስም እንኳ፣ ሰው እንደማይገኝላቸው ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ቋሚውን፣ ጊዜያዊውንና ንዑስ ዘርፉን አለመቀላቀል

ዓመት ከዓመት የማይቋረጥ ጉዳይ (ግብርና ጉምሩክ፣ ኃይል፣ ሥልጠና፣ አካባቢ ጥበቃ) ቋሚ ኮሚቴ ይሰየምለታል። መጨረሻው የሚታወቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት፣ በአንድ ረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት ማጠናቀር ወይም ደንብ ማሻሻል፣ ለጊዜያዊ ኮሚቴ ይሰጣል፤ የሚፈርስበት ቀንም በተቋቋመበት ደብዳቤ ላይ ይጻፋል። የእንጨትና ብረታ ብረት አምራቾች ወይም የልብስ ስፌት አምራቾች ብቻቸውን የሚመክሩበት መድረክ ደግሞ ንዑስ ዘርፍ ይባላል እንጂ ኮሚቴ አይደለም፤ ጥያቄ ያመነጫል፣ ጥያቄውን ለሚመለከተው ኮሚቴ ያስተላልፋል። ሦስቱ ሲቀላቀሉ የብረታ ብረቱ «ኮሚቴ» ስለ ግብር ለብቻው ይጽፋል፣ የግብር ኮሚቴውም ስለዚያው ይጽፋል፣ ገቢዎች ቢሮም ከአንድ ማኅበር ሁለት የተለያየ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

አራተኛ ደረጃ፦ ቢጋሩን መጻፍ

የእያንዳንዱ ኮሚቴ ቢጋር ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። ዓላማው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ፤ ቀጥሎ ኮሚቴው በዓመቱ የሚያወጣቸው ሥራዎች በስም ይቀመጡ፤ ከዚያ የአባላቱ ቁጥር፣ የሥራ ዘመናቸው፣ ምልዓተ ጉባኤው፣ ለማን በስንት ጊዜ ሪፖርት እንደሚያቀርብ፣ ያለ ቦርዱ ፈቃድ ሊያደርግ የማይችለው ነገር፣ በመጨረሻም የሚገመገምበት ወይም የሚፈርስበት ቀን ይከተላል። «ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር ተቀናጅቶ ይሠራል» የሚል ሐረግ በየቢጋሩ አለ፤ ከየቢጋሩ ቢወጣም ምንም አይጎድልም።

ለግብርና ጉምሩክ ኮሚቴ የሚሆን ናሙና እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «የኮሚቴው ዓላማ አባላት በግብርና በጉምሩክ አሠራር ላይ የሚያነሷቸውን የጋራ ጥያቄዎች አጣርቶ ለቦርዱ የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ኮሚቴው በየሩብ ዓመቱ አንድ የጥያቄዎች ማጠቃለያ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለአባላት የሚሰጥ ገለጻ ያዘጋጃል። አባላቱ ሰባት፣ ምልዓተ ጉባኤው አራት፣ የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። የአንድን አባል የግል የግብር ክርክር አይመለከትም። ለማንኛውም የመንግሥት አካል ወይም ለመገናኛ ብዙኃን በማኅበሩ ስም ደብዳቤ አይጽፍም፣ መግለጫም አይሰጥም።» የግል ክርክርን የሚከለክለው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ቢመስልም ኮሚቴውን ከብዙ ጣጣ ያድነዋል፤ እሱ ባይኖር ስብሰባው የአንድ ባለፋብሪካ የኦዲት ግኝት ሲነበብ ይውላል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሰዎቹን መምረጥ

የኮሚቴ አባላት ቁጥር አምስት ወይም ሰባት ቢሆን ድምፅ እኩል ለእኩል ከመከፈል ይተርፋል። በጥቆማ ከመጀመር ይልቅ ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ ለየአባሉ ቅጽ ልኮ፣ በየትኛው ጉዳይ ላይ ዕውቀትና ጊዜ እንዳላቸው ቢጠይቅ የተሻለ ሰው ይገኛል። ጉባኤ ላይ ሰው የሚጠቆመው በዕድሜው፣ በደግነቱ ወይም በፋብሪካው ትልቅነት ነው፤ የተጠቆመውም በይሉኝታ እሺ ይላል፤ አንድ ጊዜ እሺ ያለ ሰው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አይመጣም፣ ቦታውንም አይለቅም።

ወሳኙ ምርጫ ባለቤቱ ይቀመጥ ወይስ ባለሙያው የሚለው ነው። በግብር ጉዳይ የፋብሪካው ሒሳብ ሹም፣ በኃይል ጉዳይ የጥገና ኃላፊው፣ በፍሳሽ ጉዳይ የምርት ወይም የኬሚካል ባለሙያው ከባለቤቱ ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ድርጅታቸውን ወክለው ቃል የመግባት ሥልጣን የላቸውም። የሚሠራው መፍትሔ ባለቤቱ የውክልና ደብዳቤ እንዲጽፍና አንድ ቋሚ ተወካይ ከአንድ ተለዋጭ ጋር እንዲሰይም ማድረግ ነው። በየስብሰባው ሌላ ሰው የሚልክ ድርጅት ወንበሩን ቢያጣ ቅር ሊሰኝ አይገባም፤ አዲስ ለመጣው ሰው ያለፈውን እንደገና ማስረዳት የሌሎቹን ስድስት ሰዎች ሰዓት ይበላል።

ሦስት ገደቦች በውስጥ ደንብ ቢገቡ መልካም ነው። አንድ ሰው ከሁለት ኮሚቴ በላይ አይቀመጥ። በእያንዳንዱ ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ ሁለት መቀመጫ በሼድ ውስጥ ለሚሠሩ አነስተኛ አምራቾች ይያዝ፤ የትልልቁ ፋብሪካ የጉምሩክ ችግርና ጥሬ ዕቃውን ከገበያ ነጋዴ የሚገዛው አነስተኛ አምራች ችግር አንድ ስላልሆነ፣ ትልልቆቹ ብቻ የተቀመጡበት ኮሚቴ የትልልቆቹን ጥያቄ የማኅበሩ ጥያቄ አድርጎ ያቀርባል። ሰብሳቢው ደግሞ ከተቻለ የቦርድ አባል ይሁን፤ የኮሚቴውን ሐሳብ ቦርዱ ዘንድ የሚሟገትለት ሰው ያስፈልገዋልና። ሴት ባለሀብቶች በልብስ ስፌትና በምግብ ማቀነባበር ብዙ ሆነው ሳለ በኮሚቴ ውስጥ የሚሰጣቸው ቦታ ጸሐፊነት ብቻ የሚሆንበት ልማድም መቅረት አለበት፤ ጸሐፊነቱን የጽሕፈት ቤቱ ተቀጣሪ ቢይዘው ጉዳዩ ከሥሩ ይፈታል።

የጥቅም ግጭት ሲኖር አባሉ አስቀድሞ ተናግሮ ከውሳኔው ይወጣል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤው ይመዘገባል። ለምሳሌ ማኅበሩ የፍሳሽ ናሙና መርማሪ ወይም የዐውደ ርዕይ ድንኳን አቅራቢ ሲመርጥ፣ አቅራቢው የኮሚቴው አባል ዘመድ ከሆነ፣ ዋጋው ዝቅተኛ መሆኑ ብቻውን ጥርጣሬን አያስቀርም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የስብሰባ ሥርዓት

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የኮሚቴዎች ዕቅድ በሰኔ ቢጸድቅ ይመቻል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ያለው ጊዜ ግን የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን የሚዘጉበትና ግብራቸውን የሚያሳውቁበት ስለሆነ ረጅም ስብሰባ አይጠራበት፤ የግብር ኮሚቴው ደግሞ በተቃራኒው በዚህ ወቅት ነው ዋና ሥራው። በቀረው ጊዜ በሁለት ወር አንድ ስብሰባ ለአብዛኛው ኮሚቴ ይበቃል። ቅዳሜ የገበያ ቀን መሆኑን፣ የዓመት በዓላትንና አጽዋማትን፣ እንዲሁም ከከተማው ወጣ ብለው የሚገኙ ፋብሪካዎችን መንገድ አስቦ ቀኑን ለዓመቱ በሙሉ አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት በስልክ ከመለመን ያድናል።

አጀንዳው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ከሚነበበው ሰነድ ጋር ይላክ። በአንድ ስብሰባ ከሦስት ነጥብ በላይ አይያዝ፤ ከሁለት ሰዓት በላይም አይቆይ። መንገድ በሚዘጋበት ወይም ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜ ሥራው እንዳይቆም፣ በስልክ የተሳተፈ አባል ለምልዓተ ጉባኤ እንደሚቆጠር በውስጥ ደንብ ማስፈር ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን ጸሐፊው የደወለበትን ሰዓትና የአባሉን ድምፅ መዝግቦ በሚቀጥለው ስብሰባ ያስፈርማል። የቴሌግራም ቡድን ለማስታወቂያና ለሰነድ ማስተላለፊያ ይሁን። እዚያ ላይ «ተስማምተናል» የሚል መልእክትና የአውራ ጣት ምልክት ውሳኔ አይባልም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ቃለ ጉባኤ

የኮሚቴ ጥራት የሚታየው በቃለ ጉባኤው ነው። በየማኅበሩ ፋይል ውስጥ የሚገኘው የተለመደ አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «በአጀንዳ ቁጥር 2 ላይ ሰፊና ጥልቅ ውይይት ከተደረገ በኋላ ጉዳዩ ትኩረት ተሰጥቶት እንዲሠራበት ከስምምነት ላይ ተደርሷል።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር ማን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም። ያው ውሳኔ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «አጀንዳ 2፤ የኃይል መቋረጥ መረጃ። ከአሥራ ሁለት ፋብሪካዎች የስምንቱ ቅጽ ደርሷል። የቀሩትን አራት የፕላስቲክ ንዑስ ዘርፍ ተወካይ እስከ ኅዳር 20 ሰብስቦ ለጽሕፈት ቤቱ ያስረክባል። ጽሕፈት ቤቱ ሠንጠረዡን በመሥመር ለይቶ እስከ ኅዳር 30 ለኮሚቴው ይልካል። አንድ አባል ሠንጠረዡ የፋብሪካ ስም ሳይኖረው ይቅረብ የሚል የልዩነት ሐሳብ አስመዝግበዋል።»

ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚሉት ሦስቱ ካልተጻፉ አጀንዳው እንዳልተወሰነ ይቆጠር። የልዩነት ሐሳብ መመዝገቡም ለአንዳንዶች ጠብ መዝራት ይመስላቸዋል፤ ሐሳቡ ሳይጻፍለት የቀረ አባል ግን በቦርዱም በገበያውም ሲናገረው ይውላል። ቃለ ጉባኤው ስብሰባው በተጠናቀቀ በአምስት ቀን ውስጥ ተፈርሞ ማሕደር ውስጥ ይግባ፤ የሚቀጥለው ስብሰባም የሚከፈተው የቀደሙትን ውሳኔዎች አንድ በአንድ «ተፈጸመ» ወይም «አልተፈጸመም» እያሉ በማንበብ ይሁን።

ስምንተኛ ደረጃ፦ በኮሚቴ የማይነሣውን መከልከል

ተፎካካሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ንግግሩ ወደ ዋጋ መሄዱ አይቀርም፤ ብዙ የማኅበር መሪዎችም ይህን እንደ መተጋገዝ ያዩታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ተፎካካሪ ነጋዴዎች በስምምነትም ሆነ በተቀናጀ ድርጊት የመሸጫ ወይም የመግዣ ዋጋ እንዳይወስኑ፣ ጨረታ ላይ እንዳይመሳጠሩ፣ ደንበኛን፣ አካባቢን ወይም የምርት መጠንን እንዳይከፋፈሉ ይከለክላል። ነገሩ በማኅበር ስብሰባ ላይ መደረጉ ጥፋቱን አያስቀርም፤ እንዲያውም የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ማስረጃ ይሆናል።

ሁኔታው ሲያጋጥም ምን እንደሚመስል ለማሳየት ያህል፣ የበርና መስኮት አምራቾች የተቀመጡበትን ስብሰባ እናስብ። የብረት ላሜራ ዋጋ ጨምሯል፤ አንድ አንጋፋ አምራች «ሁላችንም የካሬውን ዋጋ እኩል እናድርገውና ይህን መበላላት እንተው» ይላሉ። ጸሐፊዋ ብዕሯን ታስቀምጣለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ልጽፈው አልችልም፤ ውይይቱም ቢቆም ጥሩ ነው።» «ልጄ፣ ተነጋግሮ መሥራት ምን ነውር አለው?» «ነውር የለውም፣ ሕግ ግን አለው ጋሼ። ላሜራው በጋራ የሚገዛበትን መንገድ ግን አጀንዳ አድርጌ ልያዘው፣ እሱን ከሕግ ባለሙያ ጋር እናየዋለን።» ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋን መደገፍ፣ ውይይቱ መቆሙን ማስመዝገብና ወደሚቀጥለው ነጥብ መሄድ ይጠበቅባቸዋል። በየስብሰባው መጀመሪያ ዋጋ፣ የጨረታ ተሳትፎና የገበያ ክፍፍል እንደማይነሣ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ማንበብ ነገሩ ከሰው ፊት ጋር ሳይያያዝ እንዲቀር ያደርጋል። አባላት ስለ ጥሬ ዕቃ እጥረት፣ ስለ ደረጃዎች፣ ስለ መንግሥት አሠራርና ስለ ሥልጠና በነፃነት መነጋገር ይችላሉ፤ የምርት መጠን መረጃ ካስፈለገም እያንዳንዱ ለጽሕፈት ቤቱ ብቻ ሰጥቶ ድምሩ ብቻ ይቀርባል።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ የኮሚቴው ሥራ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ

የኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ ወደ ቦርዱ ሲሄድ ችግሩን፣ ማስረጃውን፣ የሚጠየቀውን ነገርና የሚጠየቀውን መሥሪያ ቤት በሁለት ገጽ ይይዛል። ቦርዱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መቀበሉን፣ ማሻሻሉን ወይም አለመቀበሉን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያሳውቅ። ይህ ቀነ ገደብ በውስጥ ደንብ ካልገባ ኮሚቴዎች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ወር የተለፋበት ሰነድ ከቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ሳይነሣ ሲከርም ባለሙያዎቹ ሁለተኛ አይመጡም።

ደብዳቤ የሚወጣው በማኅበሩ ቁጥርና ማኅተም፣ በፕሬዚዳንቱ ወይም በዋና ጸሐፊው ፊርማ ብቻ ነው። ሰነዱን ይዞ ወደ ቢሮው የሚሄደው ቡድን ግን ሁልጊዜ አንድ የኮሚቴውን ባለሙያ ይጨምር፤ ኃላፊው ዝርዝር ጥያቄ ሲያነሣ ፕሬዚዳንቱ «እናጣራለን» እንዳይሉ። ደብዳቤው በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የገባበት ቁጥርና ቀን ይያዝ፤ ክትትሉ የሚደረገው በዚያ ቁጥር ነውና። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው «ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ የመንግሥት ኃላፊዎችን ወደ ፋብሪካ በር ስላመጣ፣ ጉብኝት ሲኖር የኮሚቴው ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ማድረግም ተገቢ ነው፤ ጎብኚዎች የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ከንግግር ይልቅ ወረቀት ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ለኮሚቴ የሚያስፈልገው የሻይ፣ የወረቀት፣ የስልክና የመጓጓዣ ወጪ ነው፤ በጀቱን ጽሕፈት ቤቱ ይያዘው እንጂ ኮሚቴው የራሱ የባንክ ሒሳብ አይኑረው። የስብሰባ አበል የሚከፈል ከሆነ ለሁሉም ኮሚቴ እኩል ይሁን፤ አንዱ ኮሚቴ አበል ሌላው ሻይ ብቻ የሚያገኝበት ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ለአንዱ ኮሚቴ ሲመዘገብ ያያል።

አሥረኛ ደረጃ፦ መገምገም፣ ማስረከብ፣ ማፍረስ

በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቦርዱ ቢጋሮቹን አውጥቶ በእያንዳንዱ ላይ የተጻፉት ሥራዎች ወጥተው እንደሆነ ይመልከት። ሁለት ተከታታይ ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ያጣ ወይም በዓመቱ አንድም የተጻፈ ሥራ ያላወጣ ኮሚቴ ይታጠፍ፤ ጉዳዩም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወይም ወደ ቅርብ ኮሚቴ ይዛወር። ማጠፍ የአባላቱን ስም የሚያጎድፍ እንዳይመስል በተቋቋመበት ዕለት የተጻፈውን የመገምገሚያ ቀን መጥቀስ ይበቃል። ከአባላቱ ግማሹ በአንድ ዓመት፣ ግማሹ በሚቀጥለው ዓመት እንዲቀየሩ ማድረግም አዲሶቹ ሥራውን ከነባሮቹ እያዩ እንዲረከቡ ያስችላል።

ርክክቡ በዝርዝር ይፈጸም። ተሰናባቹ ሰብሳቢ ቃለ ጉባኤዎችን፣ የተላኩና የደረሱ ደብዳቤዎችን ግልባጭ ከመዝገብ ቁጥራቸው ጋር፣ ያልተዘጉ ጉዳዮችን ዝርዝርና በየመሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን የሚከታተለውን የሥራ ክፍል ስም ጽፎ በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለተተኪው ያስረክባል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሰነዶቹ በሰብሳቢው የግል ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ብቻ ካሉ ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ወደ ማኅበሩ ማሕደር ይገለበጡ፤ የቴሌግራም ቡድኑ አስተዳዳሪነትም በዚያው ዕለት ለጽሕፈት ቤቱ ይተላለፍ።